ከመርፌው በፊት የተጻፈ ወረቀት

አዳማ ላይ ከእኔ የተሻለ አስታራቂ አልተፈጠረም። ይህን የምለው ጉራ ለመንዛት አይደለም። ጉራ ብፈልግ ኖሮ ከሞያሌ እስከ ጅቡቲ አልተፈጠረም እል ነበር። በሃያ ዓመት ውስጥ ያስታረቅኳቸውን ባልና ሚስቶች ብታሰልፏቸው ሰልፉ ከወንጂ መውጫ ተነስቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርስና ኮንቴይነር ይገጫል። እኔ ገብቼበት ሳይታረቅ የቀረ ጥል የለም። ድመትና አይጥ ተጣልተው ቢመጡብኝ እንኳ አይጧን «አንቺም እኮ ፊቱ ላይ እየሮጥሽ ታናድጂዋለሽ» ብዬ፣ ድመቱን ትከሻውን መታ መታ አድርጌ፣ አንድ ቤት አስገብቼ በሩን ዘግቼባቸው እሄዳለሁ።

ካስታረቅኳቸው ሚስቶች አንዷ አዜብ ነበረች። ሦስት ጊዜ አስታረቅኳት። በአራተኛው ባሏ ገደላት።

እንግዲህ ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ሙላት እባላለሁ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ድሮ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበርኩ፤ ወገቤ ሲከዳኝ ወንጂ መውጫ ላይ ጎሚስታ ከፈትኩ። የሰፈሩ ሰው ሚስማሩን መንገድ ላይ የምበትነው እኔ ነኝ ብሎ ያማኛል። ውሸት ነው፤ ሚስማር ውድ ነው። ከጎሚስታው ጀርባ አራት ክፍል ቤት አከራያለሁ። አንደኛዋን ክፍል ከብዙ ዓመት በፊት የተከራየኝ ጉርሜሳ የሚባል ከአርሲ በኩል የመጣ ሯጭ ነው። ያኔ ሲያዩት ሁለመናው እግር ነበር፤ ጭንቅላቱ ለማስታወሻ ያህል ከላይ የተቀመጠ። በተውሶ ጫማ ማለዳ ማለዳ በሸንኮራ አገዳው መሀል ይሮጣል፣ አገዳ የጫነ ትራክተር ይቀድማል፣ ተመልሶ እኔ ጎማ ላይ ተቀምጦ ዳቦ በሻይ ይበላል። «ጋሽ ሙላት» ይለኛል። እወደው ነበር።

በዚያው ክፍል ውስጥ እያለ አዜብን አገባ። አዜብ የዓለም ጤና ከተማ ልጅ ናት፤ ከዚያ በፊት ባቱ፣ አበባ እርሻ ትሠራ ነበር። ብዙ አትናገርም። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ከዓመታት በኋላ አንድ ጥርሷ ጎደለ፤ እኔ ግን ያንን አፍ መሸፈኗን የድሮ ዓይን አፋርነቷ ነው እያልኩ ኖርኩ።

ጉርሜሳ ከዚያ ቀናው። ውጭ አገር ሮጠ፣ አሸነፈ፣ የራሱን ቤት ሠርቶ ከእኔ ግቢ ወጣ። ቆይቶ ደሙ ተመርምሮ የተከለከለ ነገር ተገኘበት ተባለና ታገደ። ሩጫው ቆመ። ቤቱ ውስጥ የነበረው ሌላው ነገር ግን አልቆመም።

አርብ ገደላት። ልጃቸው የአምስት ዓመቷ ሶሊያና ጎረቤት ቤት ስለነበረች ተረፈች። እሱ እዚያው ቤቱ ውስጥ ተቀምጦ ተያዘ። ቅዳሜ አዜብን ቀበርናት።

ሰኞ ለሣልስቱ እነ አዜብ በር ላይ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ የአዲስ አበባ መኪኖች መጡ። አንዱ ካሜራ ያወርዳል፣ ሌላው ማይክ ያወርዳል፣ ሌላው ዱላ ላይ ስልክ ሰክቶ ለራሱ ያወራል። ድንኳኑን ዞሩት። ሁሉም የሚጠይቁት ያንኑ ነው። ዕፅ ይወስድ ነበር ወይ? ኪኒን ነው መርፌ? ሲወስድ ፊቱ ይለዋወጥ ነበር? አንዷ ልጅ የአዜብን እናት አዴ ድንቄን አፏ ላይ ማይክ ደቅና «እናቴ፣ መርፌ አይተው ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀቻት። አዴ ድንቄ ዓለም ጤና ሽንኩርት የምታለማ ሴት ናት። ልጅቷን ቀና ብላ አየቻት። ልጅቷም ማይኩን አነሳችና ወደ ሌላ ሰው ዞረች። የሞተችው ማን እንደሆነች የጠየቀ አንድም አልነበረም።

ይህን ሳይ ተናደድኩ። ተናድጄም ወደ ሥራዬ ሄድኩ። እንደ እኔ ያለ ሰው ሲናደድ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ አንዲት ነጭ መኪና የኋላ ጎማዋ ተንፍሶ እያነከሰች ጎሚስታዬ ደረሰች። ከውስጧ ቢኒ የሚባል የዩቲዩብ ልጅ ወረደ። ንጹሕ ልጅ፣ ሽቶው እስከ ወለንጪቲ የሚሸት። የካሜራ ሰውም አብሮት አለ።

«ጋሼ፣ ቶሎ ይሠሩልናል? ለቅሶ ቤት ቀረጻ አለን።»

«የጉርሜሳ ቤት?»

«ያውቁታል እንዴ?»

«አውቀዋለሁ ወይ? እኔ ነኝ ያሳደግኩት። እግሩን በየሳምንቱ በክር እየለካሁ።»

ቢኒ ሳቀ። እኔ ደግሞ ሰው ሲስቅልኝ ጤና የለኝም። ሌላው በመጠጥ ይሰክራል፣ እኔ በሰው ጥርስ ነው የምሰክር።

«ጋሼ፣ እውነት ይጠቀም ነበር?» አለና ለካሜራው ልጅ በዓይኑ ጠቀሰው።

«መርፌ ቆሻሻ ውስጥ አይቻለሁ» አልኩ። ይህ እውነት ነው። እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ግን የቢኒ ዓይን በራ። ዓይን ሲበራልኝ ደግሞ ጨመርኩ። «ምን መርፌ ብቻ! እሱ የሚወስደውን ለባለ ተሳቢ መኪና ብትሰጠው አዋሽን ዘሎ ይሻገራል።»

ይህች ቀልድ አሮጌ ናት። ጉርሜሳ ራሱ ባለበት ስንት ጊዜ ቀልጄባታለሁ፤ እሱም ይስቃል። ቢኒ ግን አልሳቀም። «ጋሼ፣ ትክክለኛ ነገር ነው ያሉት። ካሜራው አልያዘውም፤ እስኪ ይድገሙልኝ» አለኝ። ደገምኩለት። «አሁን ደግሞ ወደዚህ እያዩ፣ ትንሽ አዘን ብለው።» አዘን ብዬ ደገምኩለት። ሦስተኛ ጊዜ ሲያስደግመኝ ተሳቢው አዋሽን ትቶ የባቱን ሐይቅ መሻገር ጀምሮ ነበር።

መሀል ላይ፣ ማርያምን፣ መሀል ላይ እንዲህ ብያለሁ። «ድሮም ግን ይመታት ነበር። መርፌው ሳይመጣም።»

«እሱን በኋላ እንመለስበታለን ጋሼ» አለ ቢኒ።

ጎማው ተሠራ። በኋላ የሚባል ነገር ሳይኖር ሄዱ።

አሥር ሰዓት ላይ ቪዲዮው ወጣ። ፊቴን ከእውነተኛው ፊቴ አግዝፈው ለጥፈውታል፤ አጠገቡ የበሬ መውጊያ የሚያክል መርፌ ተስሏል። ከላይ በቀይ «የአትሌቱ አሳዳጊ ዝም ማለት አልቻሉም! ለተሳቢ የሚሆን ዕፅ!» ይላል። ስልኬ ይጮህ ጀመር። ከመተሐራ የማላውቀው ሰው ደወለ። ድሬዳዋ ያለች እህቴ ደውላ «ያ ሸሚዝህ አምሮብሃል» አለችኝ። ሻይ ቤት ስገባ ሰው ተነስቶ ወንበር ለቀቀልኝ። «ጋሽ ሙላት፣ እስቲ ያቺን ተሳቢ ድገማት» ይሉኛል። እደግማለሁ። የሻይ ቤቱ ሰው ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ «መድኃኒቱ ነው፤ ልጁማ ጨዋ ነበር» ይላል። «ዕፅ ሰውን አውሬ ያደርጋል» ይላል ሌላው። ሁላችንም ቀለል አለን። አዎ፣ ቀለል አለን። ምን እንደቀለለን ያን ቀን አልገባኝም።

ማክሰኞ ጠዋት ገና የመጀመሪያውን ጎማ ስፈታ አዴ ድንቄ መጣች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ፊቷ ተቧጥጦ። ከድንኳኑ ብቻዋን በእግሯ ነው የመጣችው።

«አካም ቡልቴ፣ ኦቦ ሙላት» አለችኝ። እንዴት አደርክ ማለቷ ነው። ልጇን ቀብራ እኔን እንዴት አደርክ ትለኛለች።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት አዴ ድንቄ። ምነው እርስዎ መምጣትዎ? ልከውብኝ አልመጣም ነበር?»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው። ልጄን መርፌ ነው የገደላት?»

መፍቻዬን አስቀመጥኩ።

«ትናንት የእሱ ዘመዶች መጡ» አለች። «ስልክ ይዘው መጡ። አንተን አሳዩኝ። ‹ይኸው አሳዳጊው ተናገረ፤ መርፌው ነው እንጂ ልጃችን አይደለም› አሉ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ሽማግሌ ይዘው ይመጣሉ። ‹እሱም በሽተኛ ነው፣ ለፖሊስ እንደዚህ ብለሽ ንገሪ፣ ይቅር በይ› ሊሉኝ።»

«አዴ ድንቄ፣ እኔ እኮ ስቀልድ...»

«ቀልድህን አውቃለሁ። ስትቀልድ ልጄም ትስቅ ነበር። ሶሊያና አለች አይደል? ታድጋለች። የዛሬ ልጅ ናት፣ ስልክ ትከፍታለች። እናቴን ማን ገደላት ብላ ትፈልጋለች። ምን ታገኛለች? ያንተን ተሳቢ።»

መፍቻውን መልሼ አነሳሁ።

«ሦስቱን ወረቀት ስጠኝ» አለች።

አንባቢዎቼ፣ ስለ ወረቀቱ ልንገራችሁ። በእኛ ሰፈር ሽማግሌ ባልና ሚስት ሲያስታርቅ ወረቀት ይጻፋል። ባል ጥፋቱን ያምናል፣ ሚስት ትስማማለች፣ ቅጣት ይቀመጣል፣ ሽማግሌዎች ይፈርማሉ፣ ወረቀቱ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋ ይቀመጣል። የአዜብና የጉርሜሳ ሽማግሌዎች ሦስት ነበርን። አንደኛው ሞቷል። ሁለተኛው አርጅቶ ልጁ ጋ ሐዋሳ ገብቷል። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። ሦስቱም ወረቀት እኔ ጋ ነው ያለው፤ የመጀመሪያውም ጉርሜሳ ገና በተውሶ ጫማ ሲሮጥ፣ መርፌ ሊገዛ ቀርቶ ዳቦ በዱቤ ሲበላ የተጻፈ ነው።

ያን ወረቀት ያየ ሰው፣ ያ ሁሉ የመርፌ ወሬ ምን ያህል እንደሚመዝን በአንድ አፍታ ይገባዋል። ግን ወረቀቱን ያየ ሰው እታች ያለውን ፊርማም ያያል። ፊርማዬ ደግሞ ትልቅ ነው፤ ጅራት አለው።

«ወረቀቱ የለም» አልኩ። «አይጥ በላው።»

«እሺ» አለች። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጠች።

«አዴ ድንቄ፣ የለም እኮ አልኩ።»

«ሰማሁህ። እስኪገኝ እጠብቃለሁ።»

ተቀመጠች። ጉርሜሳ ዳቦ ይበላበት በነበረው ቦታ ተቀመጠች። የባጃጅ ሾፌር መጣ፤ እኔን ሲያይ «ጋሽ ሙላት፣ ተሳቢዋን!» ብሎ ሊጀምር ሲል ነጠላ ያዘቀዘቀችውን ሴት አየና አፉን ዘጋ። ሌላ መጣ፣ እሱም ዝም አለ። ሦስተኛው ጎማው ሳይተነፍስ የመጣ ወሬኛ ስለነበር ወዲያው ተመለሰ። ውሃ ሰጠኋት፣ ጠጣች። «ምሳ ይብሉ» አልኳት፣ «አልራበኝም» አለች። ብትጮህብኝ፣ ብትረግመኝ እንዴት ደስ ባለኝ! ለጩኸት መልስ አለኝ። ለሚጠብቅ ሰው ግን ምን መልስ አለኝ?

ስድስት ሰዓት ሲሆን ኮምፕሬሰሩን አጠፋሁና ወደ ቤቴ ገባሁ። ወረቀቶቹ ከመንጃ ፈቃዴ ጋር በላስቲክ ተጠቅልለው ሻንጣ ውስጥ ነበሩ። አይጥ አልነካቸውም። አይጥ እንኳ የሚበላውን ያውቃል።

የመጀመሪያውን አነበብኩ። የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ እንዲያምር ተብሎ የተጻፈ። የመጀመሪያው ጥፊ። ሁለተኛውን አነበብኩ። የእጅ ስብራት። ጉርሜሳ ያኔም ገና ከአገር አልወጣም ነበር። ሦስተኛው ከታገደ በኋላ ነው። ቀኑን አስታወስኩት። አዜብ ሽማግሌ ፊት ተነስታ «ጋሽ ሙላት፣ እናቴ ጋ ዓለም ጤና ልሂድ፤ ትንሽ ጊዜ ብቻ» ብላ ነበር። እኔም «አዜብዬ፣ ባልና ሚስት እንደ ጎማና ቸርኬ ናቸው፤ ከተለያዩ አየር አይይዙም» አልኳት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ሽማግሌ «ይኼ ሰውዬ ይገድላል!» አለ፣ ስለ እኔ። እሷም አፏን ሸፍና ተቀመጠች።

ሻንጣው ላይ ተቀምጬ ለቢኒ ደወልኩለት።

«ቢኒ፣ ተሳሳትኩ። ማስረጃ አለኝ። ጽሑፍ። መርፌውን ሳያውቅ ገና ከጅምሩ ይደበድባት ነበር። ሦስት ጊዜ ተፈራርመናል። ና ቅረጸው።»

«ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ» አለ፤ ጨዋ ልጅ ነው። «ግን ይሄ... እንዴት ልበልዎት... ለተመልካች አዲስ አይሆንም።»

«ምን ማለት ነው አዲስ አይሆንም?»

«ሚስት መምታት እኮ ዜና አይደለም ጋሼ። በየቤቱ ያለ ነገር ነው። ሰው የሚያየው ዕፁን ነው። ያ መርፌ ግን ከተገኘ፣ ወይ ዕቃው፣ በማንኛውም ሰዓት ይደውሉልኝ።»

«በየቤቱ ያለ ነገር ስለሆነ ነው ዜና የማይሆነው?»

«ጋሼ እኔ አይደለሁም፣ ተመልካቹ ነው።»

«ያን ቪዲዮ አውርደው!»

«አይቻልም ጋሼ፤ በጣም እየሄደልን ነው።»

ያን ጊዜ የተናገርኩትን ስድብ እዚህ ብጽፈው ወረቀቱ ይቃጠላል። ከጅቡቲ እስከ ጋላፊ በረሃ ላይ የተማርኩትን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት። ግን እስቲ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። ስድቤን ከመጀመሬ በፊት፣ «እየሄደልን ነው» ሲለኝ፣ አፌ ላይ የመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ሰው አየው?» የሚል ነበር። ዋጥኩት። ግን መጥቶ ነበር።

ወጣሁና ወረቀቶቹን ለአዴ ድንቄ ዘረጋሁላት። አልተቀበለችኝም።

«እኔ ማንበብ አልችልም» አለች። «አንተ ነህ የጻፍከው። አንተ ይዘህ ግባ።»

ለካ የፈለገችው ወረቀቱን ብቻ አልነበረም። ለካ ከጠዋት ጀምሮ የጠበቀችው እኔን ነው።

በባጃጅ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን። መንገዱ አሥር ደቂቃ ነው፤ ለእኔ ግን ከጅቡቲ ረዘመብኝ። መርማሪዋ ወጣት ሴት ናት። ወንበር ሰጠችን፣ ለአዴ ድንቄ ልስልስ ያለውን። ወረቀቶቹን ተቀበለችኝና ዝም ብላ ታነባለች ብዬ ስጠብቅ ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፣ ቃሌን በምትመዘግብበት መዝገብ ላይ እያስገባች።

«‹እኔ ጉርሜሳ ባለቤቴን አዜብን በመምታቴ አጥፍቻለሁ። ዳግመኛ እጄን ባነሳባት ለሽማግሌዎች አንድ ሙክት በግ ልከፍል ተስማምቻለሁ። አዜብም ባለቤቷን ላለማናደድ ተስማምታለች።›» ቀና አለች። «ይህን የጻፉት እርስዎ ነዎት አባቴ?»

«እኔ ነኝ።»

«‹ሙክት› የምትለዋ በኋላ ከላይ ተጨምራ ነው የተጻፈችው።»

«አዎ።»

«ማን ነው ያስጨመረው?»

«እኔ።»

አዴ ድንቄ አጠገቤ ተቀምጣለች። እኔን አላየችም። ግድግዳውን ነው የምታየው።

መርማሪዋ ሁለተኛውን ወረቀት ገለበጠች። «እዚህ ላይ እጇ ተሰብሯል ይላል። በጉ ተከፈለ?»

«ተከፈለ።»

«ለእሷ?»

«ለሽማግሌዎች።»

«ምን ተደረገ በጉ?»

«በላነው።»

ጻፈች። ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ሲጫር እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሦስተኛውን ገለጠች። «እዚህ ላይ ቅጣቱ ወደ ወይፈን ከፍ ብሏል» አለች። ድምጿ ሳይለወጥ ነው ያለችው። ወይፈኑን አልበላነውም። አዜብ ቀድማ ሞተች።

ሁሉን ተናገርኩ። መርፌ ማየቴን ተናገርኩ፤ መቼ እንዳየሁትም ተናገርኩ፤ ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ እንደተመታች ተናገርኩ። «እናቴ ጋ ልሂድ» ማለቷን፣ ማን እንዳስቀራት ተናገርኩ። ፈረምኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊርማዬን ያለ ጅራት ፈረምኩ።

ስንወጣ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። የጉርሜሳ ዘመዶች ያመጧቸው ሽማግሌዎች ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁን፤ አዴ ድንቄ በሩ ላይ ቆማ «ቃሌን ሰጥቼ መጣሁ፤ ለቅሶ ከሆነ ተቀመጡ፣ ዕርቅ ከሆነ ግን እዚህ ቤት አልቋል» አለቻቸው። ተነስተው ሄዱ። ለእኔ «ግባ» አላለችኝም። «ሂድ»ም አላለችኝም። ሶሊያና ከጎረቤት ሴትዮ ጉልበት ላይ ሆና አየችኝ። እኔ ለልጆች ፊቴን አጣምሜ ማሳቅ ልማዴ ነው። ፊቴ እምቢ አለኝ።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ነው። የእሱ ወገኖች አሁንም መርፌው ነው ይላሉ። ወረቀቶቹ ግን መዝገቡ ውስጥ ናቸው። ሶሊያና አያቷ ጋ ዓለም ጤና ናት፤ ትምህርት ጀምራለች። የቢኒ ቪዲዮም አለ፤ እስከ ዛሬ አልወረደም። ይህን የምጽፈው ልጅቷ አንድ ቀን ፍለጋ ስትጀምር ከተሳቢዬ ሌላ የምታነበው እንዲኖራት ነው።

አሁን ለእናንተ። ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ቁጣዬ ከቢኒ ይጀምራል እንጂ በቢኒ አያልቅም። እነዚያ ማይኮች ሁሉ ለምን መርፌውን እንደፈለጉ ቆይቶ ነው የገባኝ። መርፌ እናንተ ቤት የለም፤ እኔም ቤት የለም። እጅ ግን ሁላችንም አለን። «መርፌው ነው» ሲባል ሻይ ቤቱ ቀለል ያለው ለዚህ ነው። ዕፅ የወሰደ ሯጭ ጥፋተኛ ከሆነ ሻያችንን ጠጥተን ወደየቤታችን እንሄዳለን። እጅ ጥፋተኛ ከሆነ ግን ግማሻችን ተነስቶ የት ይገባል? ጉርሜሳ መርፌ ወስዶ ይሆናል። ለሩጫው ተቀጣበት፤ በአደባባይ፣ ስሙ እየተጠራ፣ በአንድ ጊዜ። ሚስቱን ለመታበት ግን እኛ ነበርን ዳኞቹ፤ የቀጣነውም በግ ነው።

አሁንም ለሽምግልና ይጠሩኛል። ሰው አመሉን አይተውምና እሄዳለሁ። ስገባ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። «ማን ነው የሚመታ?» መልሱ ከመጣ ሴትዮዋን «ዕቃሽን አውጪ» እላታለሁ፣ እናቷ ቤት በራሴ ወጪ አደርሳታለሁ። ወንዶቹ አኩርፈውኛል። «ሙላት ቤት አፍራሽ ሆነ» ይላሉ። ይበሉ። ወረቀት መጻፍም ትቻለሁ።

መርማሪዋ በጉ ምን እንደተደረገ ጠይቃኝ «በላነው» አልኳት። ማን እንደሠራው ግን አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳትም። አዴ ድንቄም እስከ ዛሬ አታውቅም፤ የምታውቀው የሚያነብላት ሰው ይህን ሲያነብላት ነው።

የሠራችው አዜብ ናት። ቀኝ እጇ በፋሻ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ወጡን በግራ እጇ እያማሰለች ሠርታ፣ በግራ እጇ አቀረበችልን። እኔም ከጎድኑ አንዱን እየጋጥኩ «አዜብዬ፣ እንዲህ አጣፍጠሽ የምትሠሪ ከሆነ ለፋሲካም አንዴ ይምታሽና እንምጣ» አልኳት። ሁሉም ሳቁ። ጉርሜሳም ሳቀ። እሷም በደህናው እጇ አፏን ሸፈነች፣ ከዚያ «ይጨመርልዎት ጋሽ ሙላት?» አለችኝ።

ጨምሪ አልኳት። ሁለት ጊዜ ነው ያስጨመርኩ።